ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወደ ቴሌቪዥን ድርሰት
የዶክተር ኪት ፔድለር ሁለት ሙያዎች

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1970 ምሽት የቢቢሲ ቴሌቪዥንን ከፍተው የተቀመጡ እንግሊዛውያን አንድ ያልተለመደ ድራማ ተመለከቱ። በአየር ላይ ያለ የመንገደኞች አውሮፕላን በድንገት አልታዘዝ ይላል። ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ቦምብም አልፈነዳበትም። ችግሩ ሌላ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ የተሸፈኑበትና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹ የተሠሩበት ፕላስቲክ እንደ ሰም እየቀለጠ ይንጠባጠባል። የጥፋቱ ምክንያት ከአንድ ቤተ ሙከራ ያመለጠ፣ ፕላስቲክን እንዲያፈርስ ተብሎ በሰው እጅ የተፈጠረ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑ ኋላ ይታወቃል።

ድርሰቱን የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጌሪ ዴቪስ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ሥራ ልምድ ያካበቱ ባለሙያ ነበሩ። ሁለተኛው ግን ከኪነ ጥበቡ መንደር የመጡ አልነበሩም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ጥናት ተቋም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍል ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው፤ ስማቸውም ዶክተር ኪት ፔድለር ይባላል። ከሳይንስና ከሥነ ጽሑፍ አንዱን ምረጥ እየተባለ ለሚያድግ ተማሪ የእኒህ ሰው ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይሏል።

የዓይን ተመራማሪው

ሙሉ ስማቸው ክሪስቶፈር ማግነስ ሃዋርድ ፔድለር ነው። የተወለዱት በ1927 ሲሆን፣ ሕክምና ካጠኑ በኋላ ያተኮሩት በሽተኛ በማከም ላይ ሳይሆን በምርምር ላይ ነበር። የመረጡት መስክ ደግሞ ረቲና ነው፤ ይኸውም ከዓይን ብሌን በስተኋላ የተነጠፈውና ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠው ስስ ሽፋን ነው።

ይህን ሽፋን ለማጥናት ተራው ማይክሮስኮፕ አይበቃም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖ ሜትር ገደማ ያነሱና የተቀራረቡ ነገሮችን ለያይቶ ማሳየት አይችልም፤ ገደቡ የሚመጣው ከሌንሱ ጥራት ሳይሆን ከራሱ ከብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ነው። ኤሌክትሮኖችን በብርሃን ምትክ የሚጠቀመው ማይክሮስኮፕ ይህን ገደብ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ አሳልፎ ያሳያል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መሣሪያው በየምርምር ተቋሙ ሲስፋፋ፣ ሮድ የሚባሉት ዘንግ መሰል የዓይን ሕዋሳት በውስጣቸው እንደ ሳንቲም የተደራረቡ እጅግ ስስ ገበታዎች እንደ ያዙ በግልጽ ታየ። ዶክተር ፔድለር በዚያ ዘመን ከነበሩት የመስኩ ሠራተኞች አንዱ ናቸው። በ1964 ጌኮ ስለሚባለው የእንሽላሊት ዘር የዓይን ሕዋሳት ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጥናት ከሥራዎቻቸው መካከል ይጠቀሳል። ጌኮዎች አብዛኞቹ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ የዓይን ሕዋሶቻቸው የቀን ናቸው ወይስ የሌሊት የሚለው ጉዳይ ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት አከራካሪ ሆኖ ቆይቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይጠቅማል። በአንድ የሰው ዓይን ውስጥ 120 ሚሊዮን ገደማ ሮዶችና ኮን የሚባሉ 6 ሚሊዮን ያህል ሾጣጣ ሕዋሳት ይገኛሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን ያሉት ክሮች 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ረቲና የተቀበለውን ሁሉ እንዳለ አይልክም፤ እዚያው ያጣራል፣ ያነጻጽራል፣ ያሳጥራል። በሌላ አነጋገር ረቲና ካሜራ ብቻ ሳይሆን ሥጋ ለበስ ማስሊያም ነው። ዕለት ዕለት ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር የሚውል ሰው፣ ብዙ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ቢገናኙ ምን ይሆናሉ ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው አያስደነግጠውም።

የተጠየቁትም ይህንኑ ነበር።

የማማው ጥያቄ

«ዶክተር ሁ» የተባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ በኖቬምበር 1963 ተጀምሮ በልጆችና በወላጆች ዘንድ እጅግ ተወድዶ ነበር። በጊዜና በጠፈር የሚጓዝ አንድ እንግዳ ሰው የሚያጋጥሙትን ነገሮች የሚተርክ ነው። በ1966 ፕሮዲዩሰሩ ኢነስ ሎይድና የድርሰት አርታኢው ጌሪ ዴቪስ ድራማው ከተረትነት ወደ ሳይንስ ጠጋ እንዲል ፈለጉ። ስለዚህም የሚያማክራቸው ሳይንቲስት ማፈላለግ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ለንደን ላይ አዲስ ነገር ቆሞ ነበር። 177 ሜትር ከፍታ ያለው የፖስታ ቤት ማማ ሥራ የጀመረው በ1965 ሲሆን፣ የስልክና የቴሌቪዥን መልእክቶችን በማይክሮዌቭ ወደ ሌሎች ከተሞች ያስተላልፍ ነበር። ዴቪስ ለዶክተር ፔድለር ይህን ማማ ጠቅሰው፣ አንድ ነገር ማማውን መሣሪያ አድርጎ ከተማዋን ለመቆጣጠር ቢነሣ ያ ነገር ምን ሊሆን ይችላል ሲሉ ጠየቋቸው። የዶክተሩ መልስ ኮምፒዩተር ነው የሚል ሆነ፤ በማማው ውስጥ የተቀመጠ፣ ራሱን ችሎ የሚያስብ፣ በስልክ መስመር ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ጋር የሚገናኝ ኮምፒዩተር።

ከዚህ ሐሳብ «ዘ ዋር ማሺንስ» የተባለው ድራማ ተወለደ። ጽሑፈ ተውኔቱን ያዘጋጁት ሌላ ደራሲ፣ ኢያን ስቱዋርት ብላክ፣ ሲሆኑ ሐሳቡ ግን የዶክተር ፔድለር መሆኑ ተጠቅሷል። በ1966 በጋ ተላለፈ። ለኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት የመጀመሪያዎቹን ኮምፒዩተሮች ያገናኘው በ1969 መሆኑን ስናስታውስ፣ ሐሳቡ ምን ያህል ቀድሞ እንደ ተገኘ እንረዳለን። እርግጥ በድራማው ውስጥ ኮምፒዩተሩ ሰዎችን በስልክ ድምፅ አፍዝዞ አገልጋዮቹ ያደርጋቸዋል፤ ለዚህ ሳይንሳዊ መሠረት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። የድራማ ሰዎች የሳይንቲስቱን ሐሳብ ከተቀበሉ በኋላ የራሳቸውን ቅመም መጨመራቸው አይቀርም።

የብረት ሰዎች ከየት መጡ?

ዶክተር ፔድለር በስፋት የሚታወቁት ግን በሁለተኛው ሥራቸው ነው። በኦክቶበር 1966 የተላለፈው «ዘ ቴንዝ ፕላኔት» ሳይበርመን የተባሉትን ፍጥረታት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች አቀረበ።

የሐሳቡ ምንጭ ሕክምና ነበር። ዶክተሩ ሐኪም ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ስለ ሰው ሠራሽ የአካል ክፍሎች ሲወያዩ አንድ ጥያቄ ተነሣ። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ቢተከልለት ያው ሰው ነው። እጁም ቢለወጥ ያው ነው። ልቡ፣ ሳንባው፣ ኩላሊቱ፣ በመጨረሻም የአንጎሉ ከፊል ቢለወጥስ? ሰውየው ሰው መሆኑ የሚያበቃው ስንተኛው ክፍል ሲለወጥ ነው?

ጥያቄው በባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። በ1958 ስዊድን ውስጥ የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በሰው ደረት ውስጥ ተቀብሯል። በ1960 ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለጠፈር ጉዞ የሚመች፣ አካሉ ከመሣሪያ ጋር የተዋሐደ ሰው ሊኖር እንደሚችል ጽፈው «ሳይቦርግ» የሚለውን ቃል ፈጥረዋል። ድራማው ከተላለፈ ከአሥራ አራት ወራት ገደማ በኋላ ደግሞ፣ በዲሴምበር 1967፣ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አካሄዱ፤ በሽተኛውም ለ18 ቀናት በሕይወት ቆየ። እንግዲህ ጊዜው ሰዎች ስለ «መለዋወጫ» አካል በተስፋም በፍርሃትም የሚነጋገሩበት ነበር ማለት ነው።

በድርሰቱ እንደ ተተረከው፣ ሳይበርመን ቀድሞ እንደ እኛው ሰዎች ነበሩ። ሞንዳስ የምትባል የመሬት መንታ ፕላኔት ላይ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው እያጠረ፣ አካላቸው እየደከመ ሲሄድ ሐኪሞቻቸው ክፍል በክፍል በብረትና በፕላስቲክ ይተኩላቸው ጀመር። በመጨረሻ ስሜት እንደ ድካም ተቆጥሮ ከአንጎላቸው ተወገደ። ሕመም የለባቸውም፤ ኀዘንና ፍቅርም የላቸውም። በዚያ የመጀመሪያ ድራማ የተዋናዮቹ እጆች ያለ ጓንት ይታዩ ነበር፤ ፊታቸውም በጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ብዙ ጊዜ አጉል የቁጠባ ሥራ ተብሎ ይተቻል። በእኛ አስተያየት ግን ከኋለኞቹ፣ ከራስ እስከ እግር ብረት ከለበሱት ሳይበርመን ይልቅ የሚያስፈሩት እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ከጨርቁ በታች ሰው እንዳለ ይታወቃል።

እዚህ ላይ የሐኪሙ ሐሳብ ከተራ የጭራቅ ተረት የሚለይበትን እናስተውል። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ጭራቆች በአብዛኛው ከሌላ ዓለም የመጡ ባዕዳን ነበሩ። ሳይበርመን ግን አንድ ክፉ ውሳኔ እንኳ ሳይወስኑ እዚያ ደረሱ። እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ለብቻው ሲታይ በጎ ነበር። ዶክተር ፔድለር የዘመናቸው ሕክምና የሚያስመዘግበውን ድል በቅርብ ያውቁ ነበርና የሚያስፈራቸውም ሽንፈቱ ሳይሆን ድሉ ነበር።

ሳይንሱ ምን ያህል ትክክል ነበር?

ሳይንቲስት ጽፎታልና ሁሉም ነገር ልክ ነው ማለት አይቻልም። ሞንዳስን እንውሰድ። የመሬትን ያህል ክብደት ያላት ፕላኔት ወደ መሬት ብትቀርብ በመጀመሪያ የሚጎዳን የጦር ሠራዊቷ ሳይሆን ስበቷ ነው። መሬት ከጨረቃ 81 እጥፍ ገደማ ትከብዳለች። ስለዚህ ሞንዳስ ጨረቃ ባለችበት ርቀት ላይ ብትቆም፣ ባሕርን የሚጎትተው ኃይል 81 እጥፍ ይሆናል። በጨረቃ ምክንያት በክፍት ውቅያኖስ ላይ በግማሽ ሜትር ገደማ የሚነሣው ውኃ ወደ 40 ሜትር ይነሣ ነበር። የወደብ ከተሞች ሁሉ ሳይበርመን ከመድረሳቸው አስቀድሞ ባለቀላቸው። በድራማው ውስጥ ስለዚህ የሚናገር አንድም ሰው የለም።

በሌላ በኩል በ1967 የተላለፈው «ዘ ሙንቤዝ» ለረጅም ጊዜ ሲሳቅበት የኖረ አንድ ትዕይንት አለው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2070 በጨረቃ ላይ በተሠራ ጣቢያ ውስጥ ነው። የጣቢያው ጉልላት ይበሳና አየሩ ሲወጣ፣ ሠራተኞቹ ቀዳዳውን ቡና በሚቀርብበት ትሪ ይደፍኑታል። ይህ ነገር በእርግጥ ሞኝነት ነው? ሒሳቡን እንሥራው። ቀዳዳው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው እንበል፤ የቆዳ ስፋቱ 314 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአየር ግፊት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ግራም የሚያህል ነገር ሲጫን የሚፈጥረውን ያህል ስለሆነ፣ ትሪው ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ጫና ይሸከማል ማለት ነው። ቀጭን ትሪ ይጎብጣል፤ ጠንካራ የብረት ትሪ ግን ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። ግፊቱ ራሱ ትሪውን ወደ ግድግዳው ስለሚያጣብቀው መያዣ አያስፈልገውም። አየሩስ ስንት ጊዜ ይቆያል? በዚህ ስፋት ቀዳዳ በሰከንድ 6 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይወጣል። የጣቢያው አዳራሽ 2,000 ሜትር ኩብ ቢይዝ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይህን ያህል ይሯሯጣሉ። ስለዚህ ከሚሳቅበት ትዕይንት ይልቅ ማንም ያልተቸው የሞንዳስ ስበት የባሰ ስሕተት ነው።

እነዚህ ድራማዎች እያንዳንዳቸው 25 ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ አራት ክፍሎች የነበሯቸው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ተመልካችን አንጠልጥሎ ማለቅ ነበረበት። ገንዘቡም፣ የስቱዲዮው ስፋትም ትንሽ ነበር። የደቡብ ዋልታ ጣቢያ፣ የጨረቃ ጣቢያ፣ ከሰው ተለይተው በአንድ አዳራሽ የተከበቡ ጥቂት ሰዎች በተደጋጋሚ የሚታዩት ከዚህም የተነሣ ነው፤ አንድ ትልቅ መድረክ ተሠርቶ አራቱም ክፍሎች በዚያ ይቀረጻሉ። ዶክተር ፔድለር ንግግር የመጻፍና ታሪክን በደቂቃ የመከፋፈል ልምድ አልነበራቸውም። እሳቸው መነሻውን ጥያቄና የሳይንሱን አካሄድ ሲያመጡ፣ ዴቪስ ወደ ትዕይንት ይቀይሩታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ሌላው ሁሉ ባለበት ሲቆይ ውጤቱ እንደሚታይ ሁሉ፣ በድርሰቱም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ መዘዝ ነው። ሳይንስ ነክ ልቦለድ ለመጻፍ የሚሞክሩ ወጣቶቻችን በአንድ ገጽ ላይ አሥር ተአምር ሲያከማቹ ስናይ ይህን ዘዴ ቢያውቁት እንላለን።

የጥፋት ዘብ

ሁለቱ ሰዎች ለ«ዶክተር ሁ» አብረው ሲሠሩ አንድ ልማድ አዳብረው ነበር። ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ አደጋዎች በጋዜጣ የሚወጡ ዜናዎችን እየቆረጡ በመዝገብ ይለጥፉ ነበር። መዝገቡ ለመሙላት ብዙ አልፈጀበትም። በጃንዋሪ 1966 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በስፔን ሰማይ ላይ ተጋጭቶ ከያዛቸው አራት ሃይድሮጂን ቦምቦች አንዱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ለወራት ተፈልጓል። በማርች 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ተሰብራ የጫነችው ድፍድፍ ዘይት ባሕሩን በክሎታል። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በእርጉዞች ላይ ያስከተለው ጉዳትም ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር።

ሁለቱ ደራሲዎች ለዚህ ሁሉ የጠፈር ጭራቅ አያስፈልግም አሉ። እነሆም «ዱምዎች»፣ በግርድፉ ሲተረጎም «የጥፋት ዘብ»፣ የተባለው ተከታታይ ድራማ ተፈጠረ። ዋና ገጸ ባሕርዩ ዶክተር ስፔንሰር ክዊስት ነው፤ በወጣትነቱ የአቶሚክ ቦምብ በመሥራቱ ሥራ የተካፈለ፣ የኖቤል ተሸላሚ የሆነ፣ የሠራው ሥራ ግን እንቅልፍ የነሣው የፊዚክስ ሊቅ። መንግሥት የሳይንስ ምርምርን እንዲከታተል አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ያቋቁምለታል። መንግሥት የፈለገው ለታይታ ነበር፤ ክዊስት ግን ሥራውን የምር ያዘው። በየሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከአንድ የተሰወረ አደጋ ጋር ይጋጠማሉ፤ ከአደጋውም በላይ የሚያስቸግራቸው ብዙ ጊዜ ሚኒስትሩ ነው።

ድራማው ተወደደ። ሁሉም ክፍል እኩል ተሳክቷል ማለት ግን አይደለም። የሰው ሥጋ ስለሚበሉ ብልህ አይጦች በሚተርከው ክፍል፣ ተዋናዮቹ በጭድ የተሞሉ አይጦችን ራሳቸው ልብሳቸው ላይ ይዘው ሲንፈራገጡ ይታያል። የመጀመሪያው ዙር መዝጊያ ግን የተለየ ነበር። በባሕር ዳርቻ መራመጃ ሥር የተገኘን የኒውክሊየር መሣሪያ ለማክሸፍ የሚታገለው ወጣቱ ቶቢ ሬን በፍንዳታው ይሞታል። ተመልካች የሚወደው ገጸ ባሕርይ እንዲህ ሲሞት ማየት ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያልተለመደ ነበር፤ ብዙዎችም አዘኑ። የድራማው ስም ራሱ ከቴሌቪዥን ወጥቶ በጋዜጦች አካባቢን የመጠበቅ ሥራ መጠሪያ ሆነ፤ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ገባ።

በዚያው በ1970 የብሪታንያ መንግሥት የአካባቢ ብክለትን የሚያጠና ንጉሣዊ ኮሚሽንና የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስቴር አቋቁሟል፤ አሜሪካም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቷን የመሠረተችው በዚሁ ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ማሸከም ማጋነን ይሆናል። ድራማው ነፋሱን አልፈጠረውም፤ ከየት እየነፈሰ እንደ ሆነ ግን ቀድሞ አወቀ።

ፕላስቲክ በላተኛው ተገኘን?

ወደ መጀመሪያው አውሮፕላን እንመለስ። ፔድለርና ዴቪስ ያንን ታሪክ አስፍተው በ1971 «ሚውታንት 59» የተባለ ረጅም ልቦለድ አድርገውታል። በልቦለዱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፈጠራዎች ይገናኛሉ፤ አንደኛው ብርሃን ሲያገኘው በራሱ የሚፈራርስ የጠርሙስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፕላስቲክን እንዲመገብ የተለማመደ ባክቴርያ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው አደገኛ አይደለም። የተሰባበረው ፕላስቲክ ግን ለባክቴርያው የተፈጨ እህል ሆነለትና የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሽቦዎች ይቀልጡ ጀመር።

ከ45 ዓመታት በኋላ፣ በማርች 2016፣ የጃፓን ተመራማሪዎች በሳካይ ከተማ ከአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ መልሶ ማምረቻ አካባቢ ከወሰዱት ናሙና አንድ ባክቴርያ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ስሙ ኢዲዮኔላ ሳካይኤንሲስ ነው። የሚመገበው ፔት የተባለውን፣ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ነው። ሁለት ኢንዛይሞችን በተከታታይ ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ረጅሙን ሰንሰለት ይቆራርጣል፣ ሁለተኛው ቁርጥራጩን ወደ ቴሬፍታሊክ አሲድና ኤትሊን ግላይኮል ይለያል። ታዲያ የአውሮፕላኖቻችን ሽቦዎች ለምን አልቀለጡም?

አንደኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። ባክቴርያው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት አንዲት ስስ የፔት ቅጠል ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ያውም ሞለኪውሎቿ እምብዛም ያልተደረደሩ፣ ለመቆረጥ የምትመች ዓይነት ሆና ነው። ሁለተኛው ምክንያት የኬሚስትሪ ነው። የፔት ሰንሰለት በየመካከሉ የኤስተር ትስስር አለው፤ ኢንዛይም በውኃ እየታገዘ የሚቆርጠው ይህንን ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተሳሰረበት ነው፤ ለኢንዛይም ጥርስ መትከያ የሚሆን ደካማ ቦታ የለውም። የልቦለዱ ባክቴርያ ሁሉንም ዓይነት ፕላስቲክ በሰዓታት ውስጥ መጨረሱ የደራሲ ነፃነት ነው። ይሁንና ሐሳቡ ለኢንዱስትሪ መጥቀሙ አልቀረም፤ በ2020 በፈረንሳይ የሠሩ ተመራማሪዎች ያሻሻሉት ኢንዛይም በ72 ዲግሪ ሙቀት በአሥር ሰዓት ውስጥ ከፔት 90 በመቶ ያህሉን ወደ መነሻ ኬሚካሎቹ ሊመልስ መቻሉ ታትሟል። የሚሠራው በተዘጋና በሞቀ ማብላያ ውስጥ ስለሆነ አምልጦ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ አይፈራም።

መለያየትና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

«ዱምዎች» እየተወደደ ሲሄድ በሠሪዎቹ መካከል ያለው ስምምነት ላላ። ፕሮዲዩሰሩ ቴሬንስ ደድሊ ድራማው ወደ ተለመደው የገጸ ባሕርያት ታሪክ እንዲያዘነብል ሲፈልጉ፣ ሁለቱ ፈጣሪዎች የሳይንሱ ጥያቄ መሪ ሆኖ እንዲቀጥል ይሹ ነበር። በመጨረሻ ፔድለርና ዴቪስ ከሥራው ወጡ፤ በ1972 የተላለፈው ሦስተኛ ዙር ያለ እነርሱ ተሠራ። ዶክተር ፔድለርም ቅሬታቸውን በይፋ ከመናገር አልተቆጠቡም። አንድ ደራሲ በቴሌቪዥን የፈጠረው ነገር የእርሱ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር የሚያሳይ የተለመደ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ በጋራ «ብሬይንራክ» እና «ዘ ዳይኖስታር ሜናስ» የተባሉ ልቦለዶችን አወጡ። ዶክተር ፔድለር የምርምር ተቋሙን ትተው ጊዜያቸውን ለአካባቢ ጉዳይ ሰጡ። በ1979 ያሳተሙት «ዘ ክዌስት ፎር ጋያ» የጄምስ ላቭሎክን መላምት መነሻ ያደረገ ነው፤ ይኸውም መሬት፣ አየሯና ሕያዋን ፍጥረቷ በአንድነት ራሳቸውን እንደሚያስተካክል አንድ አካል ይሠራሉ የሚለው ሐሳብ ነው። መጽሐፉ ከልቦለድ የራቀ ነው፤ አንድ ተራ ቤተሰብ በአነስተኛ ኃይል እንዴት ሊኖር እንደሚችል ይመክራል።

የመጨረሻ ሥራቸው በ1981 የተላለፈው «ማይንድ ኦቨር ማተር» ሲሆን፣ ከተለመደው ተፈጥሮ ውጭ ናቸው ስለሚባሉ ክስተቶች የሚያትት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። በእኛ ግምት ይህ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደካማው ነው። ሌላው ሳይንቲስት ምርምሩን በጥርጣሬ እንዲመረምር ሲወተውቱ የኖሩ ሰው፣ እዚህ ላይ ማስረጃን ለመቀበል ፈጠን ያሉ ይመስላል። ፕሮግራሙ በመተላለፍ ላይ ሳለ ሜይ 27 ቀን 1981 በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። ዕድሜያቸው 53 ነበር። ጌሪ ዴቪስ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በጽሑፍ ሥራ ቆይተው በ1991 ሞቱ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉም ዛሬ የሚታይ አይደለም። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ ቢቢሲ የተላለፉ ድራማዎችን እየደመሰሰ ቴፑን ለሌላ ቀረጻ ይጠቀምበት ነበር። ከ«ዱምዎች» ብዙ ክፍሎች በዚህ መልክ ጠፍተዋል፤ ቶቢ ሬን የሚሞትበትም ከጠፉት አንዱ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተረፉት በቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ላይ እንደ ማስታወሻ በድጋሚ በመታየታቸው ነው። «ዘ ቴንዝ ፕላኔት»ም አራተኛ ክፍሉ ጠፍቶ፣ ተመልካቾች በየቤታቸው በቀዱት ድምፅ ላይ ተመሥርቶ በ2013 በሥዕል እንቅስቃሴ ተሠርቶ ወጣ። «ዘ ቱም ኦፍ ዘ ሳይበርመን» የተባለው የ1967 ሥራቸው ደግሞ ለዘለዓለም ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠበት በኋላ፣ አራቱም ክፍሎች ሆንግ ኮንግ ከሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተገኝተው በ1992 መጀመሪያ ወደ ለንደን ተመልሰዋል።